መብራቱና መዝገቡ፦ የነርሶች ምርቃትና የሙያው አመራር

የነርስነት ተማሪዎች የሚመረቁበት ሥርዓት ከብዙዎቹ ሙያዎች ምርቃት የሚለየው ቃለ መሐላ ስላለበት ብቻ ሳይሆን መሐላው በብርሃን የታጀበ በመሆኑም ነው። በኢትዮጵያ በሚገኙ ብዙ የጤና ሳይንስ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ነጭ ጋዋን የለበሱ ምሩቃን በረድፍ ቆመው ሻማ ይይዛሉ፤ እሳቱ ከመምህራኑ ወደ ፊተኛው ረድፍ፣ ከፊተኛው ወደ ኋለኛው እየተለኮሰ ይሄዳል፤ ሥርዓቱ ደጅ ላይ ከሆነ ነፋስ ያጠፋባቸው ከጎናቸው ካለው ጓደኛቸው መልሰው ያቀጣጥላሉ፤ የሚቀልጠው ሰም ጣታቸውን እንዳያቃጥል ከሻማው ሥር ቁራጭ ወረቀት የሚጠቀልሉም አሉ። ከዚያ በኋላ አንድ አንጋፋ መምህርት ሐረግ በሐረግ የሚያነቡትን ቃል ምሩቃኑ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው በአንድ ድምፅ ይደግማሉ፤ ቤተሰብም እልል ይላል፣ አበባ ያበረክታል፣ ፎቶ ያነሣል። በዕለቱ የሚደረጉት ንግግሮች ደግሞ ከሞላ ጎደል አንድ ተስፋ ያስተጋባሉ፤ ምሩቃኑ የነገው የጤና ሥርዓት መሪዎች ናቸው ይባላል።

ይህ ተስፋ መሠረት የሌለው አይደለም። ይሁን እንጂ ነርስ መሪ የሚሆነው በምን መንገድ ነው፣ የሚመራውስ ምንን ነው የሚለው ጥያቄ በምርቃት ንግግሮች ውስጥ እምብዛም አይነሣም፤ ስለዚህም መሪነቱ በጊዜ ብዛት በራሱ የሚመጣ ማዕረግ መስሎ ይቀራል። ነገሩን በቅርበት ለማየት ሻማው ራሱ ከየት እንደመጣ፣ ከሻማው ጋር አብሮ ሊወረስ ሲገባው ወደ ኋላ የቀረውስ ምን እንደሆነ መመርመር ይጠቅማል።

ሻማው የፋኖስ ምትክ ነው። ፋኖሱም በክራይሚያ ጦርነት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1854 መገባደጃ፣ 38 ሴቶችን አስከትላ ዛሬ የኢስታንቡል አንድ ክፍል ወደሆነችው ስኩታሪ የሄደችው እንግሊዛዊቷ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ሌሊት ሌሊት በቁስለኞች መካከል ስትዘዋወር ትይዘው የነበረው ነው። የጊዜው ጋዜጦች ይህን ምስል አገነኑት፤ ሠዓሊዎችና ገጣሚዎች ተቀባበሉት፤ ሙያውም አርማው አደረገው። ናይቲንጌል ከጦርነቱ በኋላ የሠራችው ሥራ ግን ፋኖስ ከመያዝ እጅግ የራቀ ነበር። ከስታቲስቲክስ ሊቁ ከዊልያም ፋር ጋር ሆና የሠራዊቱን የሞት መዝገብ ስትመረምር፣ ወታደሮቹን በብዛት የጨረሳቸው የጠላት ጥይት ሳይሆን ንጽሕና በመጓደሉ የተዛመተ፣ ሊከላከሉት ይቻል የነበረ በሽታ መሆኑን አረጋገጠች። ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1858 በወጣ ሥዕላዊ መግለጫ አሳየች፤ መግለጫው ክብ ሆኖ በ12 ወራት የተከፋፈለ ሲሆን፣ በየወሩ በበሽታ፣ በቁስልና በሌላ ምክንያት የሞቱት በተለያየ ቀለም፣ ቁጥራቸው በበዛ መጠን እየሰፋ በሚሄድ ቦታ ተመልክተዋል። ሠንጠረዥ ማንበብ የሚሰለቸው ሹም እንኳ በአንድ እይታ እንዲረዳው ታስቦ የተሠራ ነበር። በለንደን የስታቲስቲክስ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት አባል ለመሆን ያበቃትም ይኸው ዓይነት ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1860 በለንደን በሚገኘው የቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል በስሟ የተከፈተው ትምህርት ቤትም ከመብራቱ ይልቅ ስለ አመራር የሚናገር አንድ መርህ ነበረው፤ ነርሶችን የምታዘው፣ የምትቀጣውና የምታሠለጥነው ራሷ ነርስ የሆነች የበላይ፣ ማለትም ሜትሮን፣ እንጂ የሆስፒታሉ ሐኪም ወይም ገንዘብ ያዥ መሆን የለበትም የሚል ነው። ይህ በጊዜው ቀላል ነገር አልነበረም፤ የሆስፒታል ቦርዶች በቀላሉ የተቀበሉት ጉዳይም አይደለም። ሲጠቃለል ናይቲንጌል ለሙያው ሁለት ውርስ ትታለታለች ማለት ይቻላል፤ አንደኛው መብራቱ፣ ሁለተኛው መዝገቡ። የመጀመሪያው በየዓመቱ በየአዳራሹ ይለኮሳል። ሁለተኛው ግን፣ ማለትም ነርስ የምታየውን መዝግባ፣ የመዘገበችውን ቆጥራ፣ በቆጠረችው መሠረት የበላይ አካልን ውሳኔ የምታስለውጥበት ሥልጣን፣ ገና ሙሉ በሙሉ አልተወረሰም።

ቃለ መሐላውንም በተመለከተ ብዙ ምሩቃን የማያውቁት ነገር አለ። የናይቲንጌል መሐላ ተብሎ የሚታወቀውን ቃል የጻፈችው ናይቲንጌል አይደለችም፤ እ.ኤ.አ. በ1893 በአሜሪካ ዲትሮይት ከተማ፣ በሃርፐር ሆስፒታል ሥር በነበረው የፋራንድ የነርሶች ማሠልጠኛ፣ ሊስትራ ግሬተር የምትመራው አንድ ኮሚቴ የሐኪሞችን የሂፖክራጥስ መሐላ አርአያ አድርጎ አዘጋጅቶ ለክብሯ በስሟ ሰየመው እንጂ። በመጀመሪያው ቅጂ ነርሷ ለሐኪሙ ሥራ በታማኝነት ረዳት እንደምትሆን ቃል ትገባ ነበር። መሐላው ከዚያ ወዲህ በተለያዩ አገሮች ተሻሽሏል፤ ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ1953 ያወጣውንና በ2021 ያደሰውን የራሱን የሥነ ምግባር ደንብ ይጠቀማል፤ በዚህ ደንብ ነርሷ በቅድሚያ ተጠሪ የምትሆነው የነርስ እንክብካቤ ለሚያስፈልገው ሰው ነው። የድሮውን ቃል ሳይመረምሩ የሚያስምሉ ትምህርት ቤቶች በአንድ መድረክ ላይ ሁለት የሚጋጩ ነገሮችን እንደሚናገሩ ማስተዋል ይገባል፤ በመሐላው ረዳትነትን፣ በንግግሩ መሪነትን።

ከልዕልቷ እስከ ጤና ጣቢያው

በኢትዮጵያ የዘመናዊ ነርስነት ታሪክ ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው የልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ስም ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በስደት በእንግሊዝ አገር በነበሩበት ዘመን ልዕልቷ በለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው እንደማንኛዋም ተማሪ ሠልጥነው እ.ኤ.አ. በ1939 ተመረቁ። ከነፃነት በኋላ ወደ አገራቸው ቢመለሱም ዕድሜ አላገኙም፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1942 በነቀምት ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። ነርስ የነበሩ ልዕልት፣ የሠለጠነ የወሊድ እርዳታ በጠፋበት አገር፣ በዚያው ምክንያት መሞታቸው የጊዜውን የጤና ሥርዓት ሁኔታ ከማንኛውም ሪፖርት በላይ ይገልጻል። ለመታሰቢያቸው ሆስፒታል እንዲሠራ በእንግሊዝ አገር ገንዘብ ያሰባሰበችው የኢትዮጵያ ወዳጅ ሲልቪያ ፓንክረስት ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መባቻ ሥራ የጀመረው ይህ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤትም ነበረው፤ በኋላም የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ለመሆን በቅቷል። በዚያው ዘመን ግድም፣ ዛሬ የካቲት 12 ሆስፒታል በሚባለው የቀድሞው ቤተ ሳይዳ፣ በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሥር ሌላ የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፍቶ በስዊድናውያን መምህራን እገዛ ወጣት ሴቶችን ማሠልጠን ጀምሮ ነበር።

ሁለተኛው ታላቅ እርምጃ የተወሰደው በጎንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ አካባቢ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ፣ በቀጣዩ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሥራውን ጀመረ። የኮሌጁ ሐሳብ ለዘመኑ አዲስ ነበር፤ አንድ ጤና መኮንን፣ አንዲት የማኅበረሰብ ነርስና አንድ ሳኒታሪያን፣ ማለትም የአካባቢ ጤና ባለሙያ፣ በአንድ ቡድን ሠልጥነው ወደ አንድ ጤና ጣቢያ አብረው እንዲሰማሩ የሚያደርግ ነበር። ሐኪም በእጅጉ በሚያጥርበት አገር ሐኪምን እየጠበቁ ከመቀመጥ ይልቅ ያለውን ሰው አደራጅቶ ማሰማራት ይሻላል ከሚል ስሌት የመነጨ አሠራር ነው። የማኅበረሰብ ነርሷ በዚህ ቡድን ውስጥ በሆስፒታል አልጋ ዙሪያ የተወሰነች አልነበረችም፤ የእናቶችንና የሕፃናትን ክትትል፣ የቤት ለቤት ጉብኝትን፣ የጤና ትምህርትን የምታስተባብር ነበረች። ኋላ ላይ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው ያሰማራቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ነርሶች ባይሆኑም የቤት ለቤቱን አሠራር በሰፊው ያስቀጠሉት እነርሱ ናቸው።

ከነዚህ ትምህርት ቤቶች በፊትም ሆነ ጎን ለጎን ድሬሰር የሚባሉ፣ ቁስል ማጠብና ማሸግ፣ መርፌ መውጋት የመሳሰለውን በሥራ ላይ የተማሩ፣ በአብዛኛው ወንዶች የሆኑ ሠራተኞች በየሆስፒታሉና በየክሊኒኩ ነበሩ። በዓለም ደረጃ ከ10 ነርሶች 9ኙ ሴቶች መሆናቸውን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ሪፖርት ሲያመለክት፣ በኢትዮጵያ ግን ወንድ ነርስ ብርቅ ሆኖ አያውቅም። ይህ ልዩነት በአመራር ጉዳይ ላይ የራሱ ጥላ አለው፤ ሲስተር ተብላ የምትጠራው ሴት ነርስና ሕመምተኛው ሁሉ ዶክተር እያለ የሚጠራው ወንድ ነርስ እኩል ተምረው እኩል ቢያገለግሉም የኃላፊነት ወንበር ሲታደል እኩል የሚታዩ መሆናቸው ሊጠየቅ ይገባዋል።

ዋርድ ውስጥ

ምሩቃኑ የተነገረላቸው መሪነት በተግባር የሚፈተነው ዋርድ ውስጥ፣ ማለትም ሕመምተኞች ተኝተው በሚታከሙበት ክፍል ውስጥ ነው። ጠዋት የአዳር ዱቲ የያዘችው ነርስ ለቀን ተረኛዋ የምታደርገው ርክክብ ለውጭ ሰው ተራ ወሬ ሊመስል ይችላል፤ የትኛው ሕመምተኛ ሌሊቱን ትኩሳት እንደነበረው፣ የማን መድኃኒት ከፋርማሲ እንደጠፋና አስታማሚው ከውጭ ሊገዛ እንደሄደ፣ የማን ሽንት እንደቀነሰ አንድ በአንድ ይነገራል። ከዚያ የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ የትንፋሽና የሙቀት ልኬት በቻርቱ ላይ ይሞላል። ለአንድ ሕመምተኛ 1,000 ሚሊ ሊትር ጉሉኮስ በ8 ሰዓት ውስጥ እንዲገባለት ሐኪሙ ኦርደር ቢጽፍ፣ ፈሳሹን በራሱ የሚመጥን መሣሪያ በሌለበት ክፍል ነርሷ ስሌቱን በራሷ ትሠራለች፤ የመስጫው ቱቦ ለ1 ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚያወርድ ከሆነ በደቂቃ 42 ጠብታ ያህል ይሆናል፤ ነርሷም በአንድ እጇ መቆጣጠሪያውን እያስተካከለች፣ ዓይኗን ከሰዓቷና ከጠብታው ሳታነሣ ትቆጥራለች። ይህን ለአንድ ሰው መሥራት ቀላል ነው። ለብዙ አልጋ አንዲት ነርስ ስትቀር ግን ቆጠራው ይዘለላል፣ ልኬቱ ያለፈው ተረኛ ከጻፈው ይገለበጣል፣ የሕመምተኛው መባባስም የሚታወቀው ከዘገየ በኋላ ይሆናል።

የነርስ መሪነት የመጀመሪያ ደረጃው እዚህ ላይ ነው። ልኬቱን የወሰደችው ነርስ ቁጥሩ እንዳላማራት ተናግራ ሐኪሙን በሌሊት ከእንቅልፍ ለመቀስቀስ፣ የተጻፈው መጠን ስሕተት የመሰላት መድኃኒት እስኪጣራ ድረስ ላለመስጠት ሥልጣንም ድፍረትም ሊኖራት ይገባል። በትምህርት ቤት የሚሰጠው የነርሲንግ ሂደት የሚባለው አሠራር፣ ማለትም የሕመምተኛውን ሁኔታ መገምገም፣ ችግሩን በነርስ ዓይን መለየት፣ ማቀድ፣ መፈጸምና ውጤቱን መመዘን፣ ነርሷ የሐኪም ትእዛዝ ፈጻሚ ብቻ ሳትሆን የራሷ ውሳኔ ያላት ባለሙያ መሆኗን ታሳቢ ያደረገ ነው። ሆኖም ቅጹ በየአልጋው ተንጠልጥሎ ሳይሞላ የሚቀርባቸው፣ ወይም ለቁጥጥር ሲባል በዱቲው ማብቂያ በአንዴ የሚሞላባቸው ሆስፒታሎች መኖራቸው ለማንም ምስጢር አይደለም። ጊዜ ያጣ ሰው ቅጽ አይሞላም፤ የሞላው ቅጽ ምንም ነገር እንደማይለውጥ ያየ ሰው ደግሞ ጊዜ ቢኖረውም አይሞላም።

የነርስ ቁጥርና ትምህርት በሕይወትና በሞት መካከል የሚያመጣው ልዩነት በጥናት የተረጋገጠ ነው። ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቻቸው በ9 የአውሮፓ አገሮች በሚገኙ 300 ሆስፒታሎች የቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ከ420,000 የሚበልጡ ሕመምተኞች መረጃ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ በአንዲት ነርስ ላይ አንድ ሕመምተኛ በተጨመረ ቁጥር ሕመምተኞች በገቡ በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በ7 በመቶ ከፍ እንደሚል፣ በአንጻሩ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸው ነርሶች ድርሻ በ10 በመቶ ሲጨምር የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ እንደሚቀንስ አመልክተዋል። የአውሮፓን ቁጥር እንዳለ ወደ ኢትዮጵያ ማምጣት አይቻልም፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። ጥናቱ ራሱ ደግሞ ነርሶች ከዋርድ መዝገብ ተነሥተው የበላይ አካልን የሚያሳምን ማስረጃ ማዘጋጀት እንደሚችሉ ያሳያል፤ ኤይከን ራሳቸው ነርስ ናቸው።

ሥልጣን ከየት ይመጣል

ነርሶች ሥልጣን ሲሰጣቸው ምን እንደሚሠሩ ለማየት ኢትዮጵያ ውስጥ ከኤችአይቪ ሕክምና የተሻለ ምሳሌ የለም። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሆን፣ መጀመሪያ ላይ ሕክምናው ሐኪም ባለባቸው ሆስፒታሎች የተወሰነ ነበር። ሐኪሞቹ ለሁሉም ሊደርሱ ባለመቻላቸው የሥራ ሽግግር የሚባለው አሠራር ተከተለ፤ ቀድሞ ለአንድ ባለሙያ ብቻ የተፈቀደን ተግባር በሥልጠናና በመመሪያ ተደግፎ ለሌላ ባለሙያ መስጠት ማለት ነው። ጤና መኮንኖችና ነርሶች ተገቢውን ሥልጠና ወስደው በጤና ጣቢያ ደረጃ መድኃኒቱን መጀመርና መከታተል በመቻላቸው ሕክምናው ከከተማ ሆስፒታል ወጥቶ ወደ ወረዳ ወረደ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ነርሶቹ ሥልጣኑን ያገኙት በአድናቆት ንግግር ሳይሆን በተጻፈ መመሪያ፣ በሥልጠና ምስክር ወረቀትና በክትትል ነው፤ የሕዝብ ምስጋና የመጣው ከውጤቱ በኋላ ነው።

በሆስፒታል አስተዳደር ውስጥም ተመሳሳይ እንቅስቃሴ ተደርጓል። ቀደም ሲል ሆስፒታልን የሚመራው ሜዲካል ዳይሬክተር የሚባል ሐኪም ሲሆን ነርሶቹን የሚያስተባብሩት ሜትሮን ዋና ሥራቸው የዱቲ ፕሮግራም ማውጣትና ሥርዓት ማስከበር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሆስፒታሎች በሠለጠነ ሥራ አስኪያጅ እንዲመሩ የሚያደርግ ለውጥ ተጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሆስፒታል አስተዳደር የማስተርስ ትምህርት ተከፈተ፤ ይህም ሐኪም ያልሆነ ባለሙያም ሆስፒታል እንዲመራ በር ከፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያም ለነርሲንግ አገልግሎት የራሱን ምዕራፍ ሰጥቶ ሆስፒታሎች የነርስ የሰው ኃይል ዕቅድ እንዲኖራቸው ጠይቋል። በወረቀት ላይ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። በተግባር ግን የነርሲንግ ዳይሬክተር ተብሎ የተሾመ ሰው ከሥራ አመራር ስብሰባው ሊቀመጥ ቢችልም፣ የነርሶቹን ቅጥር የሚወስነው ሌላ፣ ዝውውራቸውን የሚፈቅደው ሌላ፣ የዱቲ ክፍያቸውን የሚያጸድቀው ደግሞ ሌላ አካል ሲሆን፣ ቀድሞ ሜትሮን ከነበሩት የሚለየው በስም ብቻ ይሆናል።

መሪነት ከሆስፒታል ግቢ ውጭም የሚታይ ነው። በእንግሊዝ አገር የሠለጠኑት ሲስተር ጀምበር ተፈራ በደርግ ዘመን ለዓመታት ከታሰሩ በኋላ፣ በአዲስ አበባ እጅግ በተጎሳቆሉ ቀበሌዎች ቤት ማደስን፣ መጸዳጃ ቤት መሥራትን፣ ጤናንና የኑሮ ገቢን በአንድ ያቀናጀ ፕሮጀክት መሥርተው ለረጅም ጊዜ መርተዋል። በሙያቸው ነርስ በመሆናቸው ያዩት ነገር ግልጽ ነበር፤ ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን ደጋግሞ ከማከም የቤተሰቡን ውኃና መጸዳጃ ማስተካከል ይቀድማል። በአፍሪካ ደረጃም የቦትስዋናዋ ነርስና የነርሲንግ ፕሮፌሰር ሺላ ትሉ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2008 የአገራቸው የጤና ሚኒስትር ሆነው ያገለገሉት ቦትስዋና በኤችአይቪ ክፉኛ በተመታችበት ጊዜ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም በኢትዮጵያዊው ዋና ዳይሬክተር በዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ከኩክ ደሴቶች የመጡትን ኤሊዛቤት ኢሮን ዋና የነርስ ኃላፊ አድርጎ ሾሟል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት መረጃ ከሰጡት 115 አገሮች በ82ቱ ተመሳሳይ የመንግሥት ከፍተኛ የነርስ ኃላፊ መኖሩን ገልጿል። ኃላፊ መኖሩ ግን በቂ አይደለም፤ ኃላፊው በበጀትና በሰው ኃይል ውሳኔ ላይ ድምፅ ያለው መሆኑ ነው ልዩነት የሚያመጣው።

ሥራ የሌለው ምሩቅ፣ ሰው የሌለው አልጋ

በአሁኑ ጊዜ ምርቃት በደስታ ብቻ የሚታለፍ አይደለም። ተማሪው ከዩኒቨርሲቲ የመውጫ ፈተናን፣ ከዚያም የሙያ ፈቃድ የሚሰጥበትን ብሔራዊ የብቃት ምዘና ማለፍ አለበት፤ ፈተናዎቹ የተጀመሩት በተለይ ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት የግልና የመንግሥት ኮሌጆች በፍጥነት ሲበዙ የምሩቃን ቁጥር ከጥራቱ ቀድሞ በመሄዱ ነው። ተግባራዊ ሥልጠና በሚደረግባቸው ሆስፒታሎች በአንድ አልጋ ዙሪያ የሚከበቡት ተማሪዎች በዝተው፣ አንድ ተማሪ በቂ ጊዜ መርፌ ሳይወጋ፣ ቁስል ሳያጥብ፣ ምጥ ሳይከታተል የሚመረቅበት ጊዜ ነበር። ፈተናው ይህን ችግር ያሳያል እንጂ አያክመውም፤ የሚያክመው በዋርዱ ውስጥ ጊዜ ያለው፣ ተማሪን ማሳየት የሥራው አካል ሆኖ የተቆጠረለት አንጋፋ ነርስ ነው።

ፈተናውን ያለፈው ምሩቅም ቢሆን ሥራ ሳያገኝ ሊከርም ይችላል። ለውጭ ተመልካች እንቆቅልሽ የሚመስለው ይህ ነው፤ ሆስፒታሎች ነርስ አጠረን ሲሉ ነርሶች ሥራ አጣን ይላሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እጥረቱ የሚለካው በሕመምተኛ ብዛት ሲሆን፣ ቅጥሩ የሚፈጸመው ግን በተፈቀደ የሥራ መደብ፣ ማለትም የደመወዝ በጀት በተያዘለት ቦታ፣ ነው፤ መደቡ ካልጸደቀ አልጋው ሞልቶ ቢፈስ እንኳ ሆስፒታሉ አንድ ሰው መጨመር አይችልም። ተቀጥሮ የሚሠራው ደግሞ ኑሮው ከደመወዙ ቀድሞ ሄዶበት ይቸገራል፤ የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የጥቅማጥቅም ጥያቄ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 በብዙ ሆስፒታሎች ሥራ እስከማቆም መድረሱ የቅርብ ጊዜ ትዝታ ነው።

ከዚህ የተነሣ የብዙ ምሩቃን ዓይን ወደ ውጭ ይመለከታል። በዋሽንግተንና በአካባቢው ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መካከል በነርስ ረዳትነት ጀምረው፣ ወረቀታቸውን አስገምግመውና ኤንክሌክስ የሚባለውን የአሜሪካ የፈቃድ ፈተና አልፈው ተመዝጋቢ ነርስ የሆኑ ብዙ ናቸው፤ ከነርሱም ውስጥ የዋርድ ኃላፊነት ደረጃ የደረሱ አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 የጤና ባለሙያ እጥረታቸው ከባድ በመሆኑ ሌሎች አገሮች ከእነርሱ በዘመቻ እንዳይመለምሉ ጥንቃቄ ይደረግላቸው ካላቸው 55 አገሮች ኢትዮጵያ አንዷ ናት። ዝርዝሩ ግለሰቡ በራሱ ፈቃድ እንዳይሄድ አያግድም፤ ማገድም አይገባውም። አገር ውስጥ የሚቀረውን ሰው የሚያቆየው ግን ክልከላ ሳይሆን ደመወዝ፣ የሙያ እድገትና የሚደመጥ ድምፅ ነው።

ወደ መዝገቡ መመለስ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። በኢትዮጵያ ጤና ተቋማት የሚሰበሰበው መረጃ አብዛኛው በነርሶችና በአዋላጆች እጅ የሚሞላ ሲሆን፣ ከመዝገብ ወደ ወርሃዊ ሪፖርት፣ ከዚያም ዲኤችአይኤስ 2 ወደሚባለው የመረጃ ሥርዓት ገብቶ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከክልል ወደ ሚኒስቴር ይወጣል። መረጃው ሲወጣ እንጂ ሲወርድ እምብዛም አይታይም፤ ቁጥሩን የሞላችው ነርስ ቁጥሩ ምን ውሳኔ እንዳስወሰነ አትሰማም። የዚህ ዘመን የነርስ መሪ መጀመሪያ ሊማረው የሚገባው ነገር የራሱን ዋርድ ቁጥር ወደ ላይ ከመላኩ በፊት ራሱ ማንበብና ከእርሱ ላይ ጥያቄ ማውጣት ይመስላል፤ በየዱቲው ስንት ነርስ ለስንት አልጋ እንደነበረ፣ የተዘለሉ መድኃኒቶች በየትኛው ሰዓት እንደበዙ፣ የአልጋ ቁስል የያዛቸው ሕመምተኞች በየትኛው ወር እንደጨመሩ። የማስተርስና የዶክትሬት የነርሲንግ ትምህርት በአገር ውስጥ መሰጠቱ ይህን የሚሠራ ሰው እያፈራ ነው፤ ጎዶሎው የተማረው ሰው በአብዛኛው ወደ ማስተማር ወይም ወደ ግብረ ሠናይ ድርጅት እንጂ ወደ ዋርድ አለመመለሱ ነው፤ ዋርድ ውስጥ ለዲግሪው የተዘጋጀ የእድገት መሰላል አጭር ስለሆነ አያስደንቅም።

የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ሲሆን፣ ምርቃቶቹም በአብዛኛው በዚያው ወቅት ይካሄዳሉ። የየሆስፒታሉ የሥራ መደብ ጥያቄ የሚዘጋጀው ግን ወራት ቀድሞ፣ ምሩቃኑ ገና በመጨረሻው የተግባር ልምምድ ላይ ሳሉ ነው። የነርሲንግ ዳይሬክተሩ በዚያን ጊዜ በዋርድ፣ በዱቲና በሕመምተኛ ክብደት የተከፋፈለ የነርስ ፍላጎት ሠንጠረዥ ይዞ ከፋይናንስ ኃላፊው ፊት ከቀረበ ለመደራደር የሚያስችል ነገር በእጁ አለ ማለት ነው። ሠንጠረዡን ያላዘጋጀ ሆስፒታል ያለፈውን ዓመት ቁጥር ገልብጦ ይልካል፤ በሚቀጥለው ሐምሌ የሚመረቁትም ክፍት መደብ ፍለጋ የሚሄዱት በዚያው ቁጥር ላይ ነው።